ለእማዬ፣ ከሐሙስ በፊት

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ "ለአያቴ በቪዲዮ ካላሳየሁ" እያለች መከራችንን ታበላናለች። ትልቁ የሚኒስትሪ ፈተና ደርሶበታል፤ ኳሱን ግን አልተወም።

ይኸው ስለ ልጆቹ አወራሁ። የተቀመጥኩት ስለ ሐሙስ፣ የኤች አይ ቪ ሕክምና ስለምትጀምሪበት ቀን ልጽፍልሽ ነበር።

እኔ ሐዋሳ ላይ ለስንቱ የምሠራውን፣ ለአንቺ ደሴ ላይ የማላውቃት ነርስ ልትሠራልሽ ነው። ያንገበግበኛል። እንዳትደነግጪ የሚጠብቅሽን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ትመዘኛለሽ። ከዚያ ጥያቄ ይመጣል። ሳል አለ? ትኩሳት? ሌሊት ያልብሻል? ከስተሻል? ይሄ ለቲቢ ነው። እማዬ፣ ስልኩን በነጠላሽ ሸፍነሽ ስትስዪ እሰማሻለሁ። "ብርድ ነው" እንዳትያቸው። ቲቢ ካለ የሱ ሕክምና ይቀድማል፤ የኤች አይ ቪው መድኃኒት አወሳሰድም ይለወጣል። አፍሽን ያያሉ፣ አንገትሽንና ብብትሽን ይዳብሳሉ። አምና ጎንሽ ላይ የወጣውን አልማዝ ባለጭራም ንገሪያቸው፤ በሽታው የት ደረጃ እንደደረሰ ሲመድቡ ይቆጠራል። ለሲዲ ፎር (በሽታ የሚከላከሉልሽን የደም ሴሎች ለሚቆጥረው ምርመራ)፣ ለኩላሊትና ለጉበት ደም ይቀዱሻል።

የስኳር መድኃኒትሽን ከነማሸጊያው ይዘሽ ሂጂ። ባለ 500ውን ሜትፎርሚን ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ትውጫለሽ፤ በቀን 2000 ሚሊግራም ነው። አሁን የሚሰጠው የኤች አይ ቪ ክኒን ውስጥ ያለው ዶሉቴግራቪር ሜትፎርሚኑን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ በቀን ከ1000 እንዳይበልጥ ነው የሚመከረው። በራስሽ እንዳትቀንሺ፤ ለሐኪሙ ንገሪው። የጨጓራሽንም ሽሮፕ አብረሽ እንዳትወስጂ። ክኒኑ ከሽሮፑ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚዋጠው። ጸበልሽን አትተዪ፤ መድኃኒቱንም እንደዚያው።

አንድ ነገር ልበልሽና ይውጣልኝ። እታለም ጓዳ ተኝታ ሳለ፣ አፉ የተሸረፈውን ሰማያዊ ኩባያ ለይተሽላት ነበር። በበረኪና አጥበሽ፣ ከእኛ ዕቃ አርቀሽ መስኮቱ ላይ ትደፊው ነበር። ለጎረቤት "ሳንባዋን ነው" አልሽ። ለሐኪሙም እንደዚያው እንድትል መከርሻት። ነፃው የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ሲጀመር እሷ አልደረሰችበትም። ያኔ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር ትይኛለሽ፤ ልክ ነሽ። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ወደዚህ ሥራ የገባሁትም በእሷ ምክንያት ነው፤ ነግሬሽ አላውቅም።

ባለፈው ወንድሜ ደውሎ፣ "እማዬ ኩባያዋን ለብቻ ማስቀመጥ ጀምራለች፤ ምን ሆና ነው?" አለኝ። ምክንያቱን አልነገርኩትም። እዚያው ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ። እማዬ፣ በኩባያ አይተላለፍም። የእታለምም አይተላለፍም ነበር። መልሺው፤ ከልጆቹ ጋር ጠጪበት። መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ወስደሽ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ከደረሰማ በሩካቤ እንኳ አይተላለፍም።

እንዴት እንደያዘሽ አልጠይቅሽም። እነሱ ቢጠይቁሽ ግን እውነቱን ንገሪያቸው፤ ምስጢር ይጠብቃሉ።

መድኃኒቱን የሚያስታውስሽ ሰው ስም ይጠይቁሻል። የእኔን አስጽፊ፤ ስልኬንም ስጫቸው። ስትወጪ ደውይልኝ፣ ሥራ ላይ ብሆንም አነሳለሁ።

ልጅሽ