ሳነቴ የደርሶ መልስ አገር አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። «ከጎባ ተነስቶ ሳነቴን አይቶ በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል» የምትለዋ መስመር ግን ከነከነችኝ። ሳነቴ የፓርኩ ከፍተኛ ሜዳ ነው፤ በቀን ደርሶ መመለሱስ ይቻላል። እኔም አድርጌው አፍሬያለሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተማርሁ። «ቱሉ ዲምቱ፣ 4377 ሜትር» እያልሁ በጠመኔ ስጽፍ ኖሬ ሳነቴ ላይ ያለውን ይህን ተራራ በዐይኔ ያየሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሄድነው በማኅበር ሆነን፣ በኪራይ ሚኒባስ፣ ዘፈኑ እስከ ጥግ ተለቆ ነበር። ሜዳው ላይ እንደወጣን አንዲት ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ዳር ቆማለች። ሹፌሩ ዞር ብላ እንድታየን ክላክስ አደረገ። ከኋላ አንዱ ዳቦ ወረወረላት። እኔም ከእነሱ አልተሻልሁም፣ ስልኬን አውጥቼ ተንጠራራሁ። ፎቶው ላይ ያለው ጅራት ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ጉዞ ለብቻዬ ሄድሁ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ባለበት ዲንሾ አደርሁ። ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ ያ የአሥር ሳንቲሙ የደጋ አጋዘን ከነጥምዝ ቀንዱ ቁጥቋጦ ይቀነጥባል፤ ዘወር ብሎም አላየኝ። በማግስቱ ከአስጎብኚ ጋር ሳነቴ ላይ በእግር ሄድን። ከ4000 ሜትር በላይ ነውና አሥር እርምጃ ተራምጄ እቆማለሁ። አስጎብኚው ወጣት፣ «አባባ፣ ቢቀመጡ ይሻላል፤ እነሱ ራሳቸው ይመጣሉ» አለኝ። አንድ ጅብራ፣ ያ እንደ ዛፍ የሚረዝመው የደጋ ተክል፣ ሥር ተቀመጥን።

መጀመሪያ አፈሩ ተነቃነቀ። ከዚያ የፍልፈል ራስ ብቅ አለ፤ ዐይኖቹ አናቱ ላይ የተቀመጡ ግዙፍ ፍልፈል ነው፣ ከባሌ በቀር የትም የለም። የኋላ እግሩን ከጉድጓዱ ሳያወጣ በዙሪያው ያለውን ሣር እየጨመደደ ያስገባል። ለካ እኛ ብቻ አልነበርንም የምናየው። ቀበሮዋ ሆዷን መሬት አስነክታ፣ አንድ እግር አንስታ ሌላውን እየጠበቀች ትቀርባለች። ቀይ ቀበሮ እንበላት እንጂ ዝምድናዋ ከተኩላ ነው፤ በመንጋ ትኖራለች፣ አደን ግን ለብቻዋ ነው። ዘለለች። አመለጣት። አፍንጫዋን ጉድጓዱ ውስጥ ከትታ ጥቂት ቆየችና መንገዷን ቀጠለች። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ያህል ፈጅቷል። ሚኒባሱ ቢሆን ሐረና ጫካ ደርሶ ነበር።

ያ ዳቦ አሁንም ያሳስበኛል። እንጀራዋን ከመኪና የለመደች ቀበሮ መንገድ ላይ ትቀራለች፣ መኪና ይገጫታል። የምንጥለው ትራፊ ደግሞ የመንደር ውሾችን ይስባል፤ ውሻ በሽታ ይዞ ይመጣል። በ1996 ዓ.ም. ወብ ሸለቆ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሱት 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ፓርኩ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ ጎብኚ እንደሚበዛ የታወቀ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ ያቺን መስመር አርሙልኝ። ቢያንስ ሁለት ሌሊት፣ ወፍራም ካፖርት፣ አስጎብኚ፣ ዳቦው ከረጢት ውስጥ፤ ይህን ጻፉ።

ከሁለተኛው ጉዞ ፎቶ ልልክላችሁ አስቤ ነበር። ስልኬ በብርዱ ጠፍቶብኝ አንድም አላነሳሁ።

ጡረተኛ መምህር፣ ከአዳማ