ለደረሳችሁልን ሁሉ

የሆነውን ሰምታችኋል። የትንሿ አውሮፕላናችን ሞተር አየር ላይ ቆመ፣ ሜዳ ላይ በግዳጅ አረፍን፣ እኔም ወንድሜም ጓደኛዬም ሦስታችንም አለን። ከዚህ በላይ ልተርክ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴም ተውኩት። ሞተሩ ለምን እንደቆመ መርማሪዎች አጣርተው ይናገሩ። እኔ ላመስግን።

መጀመሪያ እርስዎን፣ መብረር ያስተማሩኝ መምህሬ። ስምዎ እንዲነሣ እንደማይወዱ ስለማውቅ አልጠራዎትም። ስለ ሌላ ነገር እያወራን ድንገት ጋዙን ይቀንሱና «ሞተርህ ቆሟል፤ የት ታርፋለህ?» ይሉኝ ነበር። በየበረራው። አንዳንድ ቀን ሦስቴ። እውነቱን ልናገር፣ ሴትዮዋ አበዙት እያልኩ አምቼዎታለሁ። የፍጥነት መለኪያውን በወረቀት ሸፍነው፣ በነፋሱ ድምፅ ብቻ ፍጥነቴን እንድገምት ያደረጉኝ ቀንማ ተናድጄ ነው የወረድኩት። ይቅር ይበሉኝ።

ሞተሩ ዝም ሲል የሰማሁት ያንኑ ነፋስ ነው። እንዲህ ሲሆን እጅ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ቀና ማድረግ ያምረዋል፤ ከፍታው የሚያመልጥ ይመስላላ። ቀና ካደረጓት ግን ፍጥነቷ ይሞታል፣ ክንፏም መሸከም ያቆማል። እጄን ወደ ፊት የገፉት እርስዎ ነዎት። 65 ኖት፣ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ግድም። የኛዋ ትንሽ አውሮፕላን ያለ ሞተር ርቃ የምትንሳፈፈው በዚህ ፍጥነት ነው። ከ3,000 ጫማ ላይ አራት ደቂቃ ግድም ይሰጣል። «አራት ደቂቃ ብዙ ነው» ይሉኝ ነበር፤ አላምንዎትም ነበር። ሞተሩን መልሶ ለማስነሣት የሚነካኩት፣ የካርቡሬተር ማሞቂያ፣ የነዳጅ መክፈቻ፣ ብልጭታ የሚሰጠው ማግኔቶ፤ ተራውን የሰማሁት በእርስዎ ድምፅ ነው። ሞተሩ እምቢ አለ። ሜዳውን አንዴ ከመረጥክ አታወላውል። ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀበለው። መሬት ሳትነካ ነዳጁንና ኤሌክትሪኩን ዝጋ፣ በሩንም ገርበብ አድርግ፤ አካሏ ከተጣመመ አይከፈትም።

በሩን ረሳሁት። የከፈተው አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ ነው። ሳንነሣ ነግሬው ነበር፤ ለተሳፋሪ ሳትናገር አትነሣ ያሉኝም እርስዎ ነዎት። ወንድሜ ዛሬ ልጁን አቅፎ ሳየው ትዝ የሚሉኝ እርስዎ ነዎት፣ እና... ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ተነሥቼ ነው የተመለስኩት። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

አንተ የበረራ ተቆጣጣሪው፣ በሬዲዮ «ሜይዴይ» ብዬ የአደጋ ጥሪ ሳሰማ ድምፅህ እንኳ አልተለወጠም። ሌሎቹን ጸጥ አሰኘህልኝ። «ስንት ነፍስ ናችሁ?» ስትለኝ «ሦስት» ማለት ያን ያህል ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ለምን እንደሚጠየቅ አውቃለሁ፤ ፈላጊዎቹ ስንት ሰው እንደሚፈልጉ እንዲያውቁ ነው። ለራዳር ምልክት የሚልከውን ትራንስፖንደር የአደጋ ቁጥሩ 7700 ላይ ማድረጉንም ረስቼዋለሁ። አንተ ግን አልተቆጣኸኝም፤ «እሷን ብቻ አብር» አልከኝ። አንድ ቀን ቁጭ ብለን እናወራለን።

የማሳው ባለቤት አባቴ፣ የለፉበትን ሰብል መሀል ለመሀል ገምሼው ሳለ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ውስጥ የቀረ ሰው አለ?» ብለው ነው። ካሳውን አልቀበልም ማለትዎን ሰምቻለሁ። እመጣለሁ፣ እንከራከራለን።

የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ሠራተኞች፣ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ መካኒኮች፣ ስልካችሁን ያላነሣሁላችሁ ዘመድ ወዳጆች ሁሉ፣ ክፉ አይንካችሁ።

የዘለልኩት ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ እባካችሁ አትቀየሙኝ። ያን ቀን የብዙዎቻችሁን ፊት አይቼ ስማችሁን አልጠየቅኩም። በተለይ አንድ ልጅ ነበር። ወንድሜ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ጃኬቱን አልብሶት፣ ምንም ሳይናገር ሄደ። ቡናማ ጃኬት ነው፣ የግራ ኪሱ ዚፕ ተበላሽቷል። ታጥቦ እኔ ጋ ተቀምጧል።