መጥፎ ዜና ይዞ የሚመጣ ሠራተኛ አቀባበል፦ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የበላይ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የኃላፊው የራሱ አድራጎት በመሥሪያ ቤቱ የሥራ ባህል ላይ ስላለው ተጽዕኖ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት ጉዳዩ የአንድ መሥሪያ ቤት ወይም የአንድ ኃላፊ ብቻ ስላልሆነ ነው። የሥራ ባህል ይሻሻል ሲባል ዘወትር የሚቀድሙት ሥልጠና፣ የሥነ ምግባር ደንብና በየኮሪደሩ የሚለጠፉ የእሴት መግለጫዎች ናቸው። እነዚህ ጥቅም የላቸውም አልልም። ነገር ግን ሠራተኛው በምን ደንብ እንደሚተዳደር የሚረዳው ከሁሉ በላይ የእናንተን አድራጎት እያየ ነው፤ ይልቁንም መጥፎ ዜና በደረሳችሁ ጊዜ የምታሳዩትን ጠባይ።

የድርጅት ባህልን በማጥናት የታወቁት ኤድጋር ሻይን፣ መሪዎች ባህልን የሚተክሉባቸውን ዋና ዋና መንገዶች ሲለዩ መሪው ዘወትር የሚከታተለውን ነገር፣ በቀውስ ጊዜ የሚሰጠውን ምላሽ፣ ገንዘብ የሚመድብበትን ቦታ፣ ማንን እንደሚሾምና እንደሚሸልም፣ በራሱ ሥራ የሚያሳየውን አርአያነት ጠቅሰዋል። በጽሑፍ የሚወጣውን የእሴት መግለጫ ግን ያስቀመጡት ከእነዚህ በታች፣ በአጋዥነት ተርታ ነው። የእኛ መሥሪያ ቤቶች ድካም በአብዛኛው የሚያልቀው በዚሁ በአጋዡ ላይ መሆኑ ያሳስበኛል።

የሩብ ዓመት ግምገማን እንውሰድ። አንድ ባለሙያ የዕቅዱ አፈጻጸም ከግማሽ በታች መሆኑን ሲናገር ሰብሳቢው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ጣል ያደርግና «ይሄን ይዘህ ነው ስብሰባ የመጣኸው?» ይለዋል። ባለሙያው ወረቀቱን አጥፎ ይቀመጣል። ተራው የደረሰው ባልደረባው የያዘውን ቁጥር አቀርቅሮ ይመለከትና «በአመዛኙ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብሎ ያልፋል። ይህ በቃለ ጉባኤ አይሰፍርም። ሆኖም በስብሰባው የነበረ ሁሉ ከዚያች ዕለት ጀምሮ ምን መናገር እንደሚያዋጣ አውቆ ይወጣል። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት የሚቀርበው ሪፖርት ያማረ ይሆናል፤ ኃላፊውም ሥራው የተሻሻለ ይመስለዋል፤ ባለጉዳዩ ግን ያው በር ላይ ቆሞ ይውላል።

የዚህ ዝምታ ዋጋ የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል። የጠፈር መንኮራኩሯ ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ2003 ወድማ ሰባቱ ተጓዦቿ ሲሞቱ አደጋውን የመረመረው ቦርድ፣ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የናሳ ድርጅታዊ ባህል ከነዳጅ ታንኩ ተላቅቆ ክንፏን ከመታው የሙቀት መከላከያ አረፋ ባልተናነሰ ለአደጋው ምክንያት እንደሆነ በሪፖርቱ አስፍሯል። መሐንዲሶች ጉዳቱን ለማየት መንኮራኩሯ በምሕዋር ላይ ሳለች ፎቶግራፍ እንድትነሳ ጠይቀው ነበር፤ ጥያቄያቸው ግን በአመራሩ ዘንድ ሰሚ አላገኘም።

በተቃራኒው ደግሞ ፖል ኦኒል አሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 የአሉሚኒየም አምራቹን የአልኮዋን አመራር ሲረከቡ ቀዳሚ ጉዳያቸው የሠራተኛው ደኅንነት መሆኑን አስታወቁ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ወጣት ሠራተኛ በሥራ ላይ እንዳለ ሲሞት የበላይ አመራሩን ሰብስበው ጥፋቱ የአመራሩ፣ ከሁሉ በፊትም የራሳቸው መሆኑን ተናገሩ። በእርሳቸው ዘመን በኩባንያው የሚደርሰው የሥራ ላይ ጉዳት በእጅጉ ቀነሰ። ዋናው ሰው ኃላፊነቱን በራሱ ላይ ካደረገ ወዲያ ከሥሩ ያለ አለቃ በምን አፉ በተራ ሠራተኛ ላይ ያላክካል?

እንዲህ ከሆነ ሥልጣን ይላላል የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ። እውነት የተናገረን ማክበር ግን ቸልተኛን ይቅር ማለት አይደለም፤ ስህተቱን በጊዜ ያሳወቀና ስህተቱን የደበቀ እኩል እንዳይታዩ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የሥራ ቡድኖችን የሚያጠኑት ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን በሆስፒታል ቡድኖች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በጥሩ ሁኔታ የሚመሩት ቡድኖች ብዙ ስህተት ሲመዘግቡ መገኘታቸው በመጀመሪያ አስገርሟቸው ነበር፤ ኋላ ግን በእነዚያ ቡድኖች ውስጥ ሰዎች ስህተትን ሳይፈሩ ይናገሩ እንደነበር ተገነዘቡ። ስለዚህ ችግር የሌለበት ሪፖርት ሲቀርብላችሁ ከመደሰታችሁ በፊት መመርመር ይገባችኋል።

ሰዓት ማክበር፣ የመሥሪያ ቤት መኪናን ለግል ጉዳይ አለማዋል፣ ዘመድን ከተራ አለማስቀደም የታወቁ ስለሆኑ አላስረዝማቸውም። የምጠይቃችሁ በሚቀጥለው ግምገማ ከሌሎች በፊት ያልተሳካላችሁን የራሳችሁን ውሳኔ እንድትናገሩ፣ ጉድለት ላቀረበ ባለሙያም የመጀመሪያ ቃላችሁ «ምን እናግዝህ?» እንዲሆን ነው። ከዚያም በዓመቱ መጨረሻ የደረጃ ዕድገት ዝርዝር ሲቀርብላችሁ፣ በዓመቱ ውስጥ ችግር ደፍረው ያሳወቁት ሠራተኞች ስም በውስጡ መኖሩን ወይም መቅረቱን ሳታረጋግጡ እንዳትፈርሙበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ