አጎትሽ ስለ ፈረሙልኝ ወረቀት

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽስ እንዴት ናቸው፣ ወገባቸውን ተሻላቸው? እኔና ቤተሰቦቼ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ዝምታችን መቼ እንደ ጀመረ ታውቂዋለሽ። በነሐሴ 2015 ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቢበዛ ወር ሁለት ወር ነው ብለን ነበር፤ ወደ ዓመት ግድም ቆየ። ሲመለስ ደግሞ በመካከል የሆነው ሁሉ ከስልክ መልእክት በላይ ሆነብኝ፤ ከየት እንደምጀምረው ጠፋኝ። አንቺም እንደዚያው ሳትሆኚ አትቀሪም። ዛሬ እንድጽፍ ያደረገኝ ናፍቆት ብቻ አይደለም። አጎትሽን የሚነካ አንድ ጉዳይ አለ፤ ከሌላ ሰው አፍ ሳይሰሙት ከእኛ እንዲሰሙት እፈልጋለሁ።

አሁንም እዚያው ሱፐርማርኬት ነኝ። አንቺ ትተሽው የሄድሽውን ቤት ግን ብታዪው አታውቂውም። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል እንገባለን፣ ማታ ሁለት ሰዓት እንወጣለን። ከሁለት ሰዓት በኋላ ባጃጅ ማግኘት ጭንቅ ስለ ሆነ ሽምብጥ ድረስ የሚሄዱት ልጆች ተያይዘው በእግራቸው ይገባሉ። የሒሳብ መስኮቱ ወንበር ከተነሣ ቆይቷል፤ «ተቀምጦ መሸጥ ደንበኛን መናቅ ነው» ተባለ። ገንዘብ የምትቀበለው ልጅ አሁን ስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከሰዓት በኋላ አንዱን እግሯን ከጫማዋ አውጥታ በሌላው ላይ ታሳርፈዋለች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ታቀያይራለች። ስለ ወሊድ ፈቃድ ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ «ስትወልጂ እናያለን» የሚል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ግን ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከነደመወዟ ይሰጣታል። የሚታይ ነገር የለውም፤ ተጽፎ ያለቀ መብት ነው።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ የዋጋ ወረቀት መለጠፍ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ማታ የለጠፍነውን ጠዋት እንልጣለን። ደንበኛው የሚቆጣው በእኛ ነው፤ ዘይቱን ይዞ ፊታችን ይቆምና «ከትናንት ወዲያ ስንት ነበር? እናንተ ሰዎች አምላክ የላችሁም?» ይለናል። የለጠፍነውን ዘይት እኛም መግዛት እንዳቃተን ቆመን ልናስረዳው አንችልም። የእኛ ደመወዝ በዚያ ሁሉ ጊዜ የጨመረው አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም ለመጓጓዣ እንኳን የማይበቃ። ጭማሪ ስንጠይቅ ሥራ አስኪያጁ በእጁ ወደ በሩ ያሳያል። እውነቱን ነው፣ በሩ ላይ ሰው አለ። ሆቴሎቹ እንግዳ ካጡ፣ ወደ ገዳማቱ የሚሄዱት ጀልባዎች ዳር ከቆሙ ወዲህ አስተናጋጁም፣ አስጎብኚውም፣ ዲግሪ የያዘውም ማመልከቻውን ይዞ እኛ ዘንድ ይመጣል። ባለቤቱም ቢሆን በሰላም ተኝቶ የሚያድር አይመስለኝም፤ መንገድ ሲዘጋ ዕቃው ይዘገያል፣ የባንክ ዕዳው ግን አይዘገይም። ይህን ሁሉ እረዳለሁ። ጉድለቱ ከእኛ ኪስ መሞላቱን ግን አልቀበልም።

ነገሩን ሁሉ ያበላሸው ይኸው የጉድለት ነገር ነው። ድሮ ቆጠራ በዓመት አንድ ጊዜ ነበር፤ አሁን በየወሩ መጨረሻ፣ በሩ ተዘግቶ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ለዚያ ሌሊት ትርፍ ሰዓት አይከፈልም። ሲነጋ «ይህን ያህል ጎድሏል» ይባልና ለሁላችንም እኩል ተካፍሎ ከደመወዛችን ይቆረጣል። ባለፈው ጊዜ ዝርዝሩን በዓይኔ አየሁት። ጎደለ ከተባለው ውስጥ ጊዜው አልፎበት አቅራቢው ሳይወስደው የቀረ እርጎ ነበር። መጋዘን ውስጥ አይጥ የቀደደው የማካሮኒ ካርቶን ነበር። ሲወርድ የፈሰሰ ዘይትም ነበር፣ ያውም ያወረደው የመኪናው ረዳት እንጂ ከእኛ ማንም አልነካውም። ከዳንግላ የመጣች አንዲት ልጅ አለች፣ የሙከራ ጊዜዋን እንኳን ያልጨረሰች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ደመወዟን ተቀብላ ስትቆጥረው መልሳ መልሳ ቆጠረችው። የተሳሳተች መስሏት ነበር።

ከገንዘቡ የባሰው ግን በመካከላችን የገባው ነገር ነው። መጋዘኑ ውስጥ ካርቶን ገልብጠን በአንድ ሰሃን የምንበላውን ምሳ ታስታውሺዋለሽ አይደል? ቀርቷል። ማንም አልከለከለንም። ጉድለት በተነገረ ቁጥር ሁሉም በየልቡ «ማን ይሆን የወሰደው?» ይላል፤ የአንዷ ቦርሳ ከወትሮው ካበጠ ዓይን ሁሉ ቦርሳው ላይ ነው። አሁን እያንዳንዱ የምሳ ዕቃውን ይዞ ለብቻው ይበላል። ሰላምታችን እንኳን አጥሯል። ሥራውን የምንወድ ሰዎች ነበርን፣ እህቴ። መደርደሪያ አሳምሮ መደርደር ደስ የሚለን፣ የእናቶችን ዘንቢል ተሸክመን ባጃጅ ድረስ የምንሸኝ ሰዎች ነበርን። አሁን ዕቃ ሲወድቅ አይቶ የሚያነሣው ሰው የለም፤ ያነሣው ሰው «አንተ ነህ የሰበርኸው» ይባላል።

«ታዲያ ለምን ዝም ትላላችሁ?» ትዪኝ ይሆናል። እኔም ብዙ ጊዜ ይህንኑ አስቤያለሁ። ሥራ ማጣት ያስፈራል፣ አልዋሽም። ሆኖም አፋችንን የለጎመው ተያዡ ነው። እያንዳንዳችን ስንቀጠር ደመወዝተኛ ተያዥ አምጥተናል፤ አጎት፣ የክርስትና አባት፣ አንዳንዱ ጎረቤት። አንድ ሰው ቀና ብሎ መናገር ሲጀምር ሥራ አስኪያጁ አይጮኽም፣ አይሳደብም፤ ፋይሉን አስመጥቶ ይገልጥና «ተያዥህ እገሌ ናቸው፣ አይደል?» ይላል። ይህ ይበቃል። ለራሱ የማይፈራ ሰው እንኳን በጡረታቸው ዋዜማ ያሉ አጎቱ ቢሮ ደብዳቤ ሲደርስ እያሰበ ይቀመጣል። በአደራ የተሰጠን ስም ነውና እሱን ማስጠራት ከረኀብ ይከብዳል።

የእኔ ተያዥ ደግሞ አጎትሽ ናቸው።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። ያንኑ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ ፎቶ ኮፒ አስደረግሁና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ሐይቁ ዳር ከሦስት ልጆች ጋር ተቀምጠን አነበብነው። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የቀን ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ያለው በ1.75፣ በዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። እኛ በመስቀልም በጥምቀትም የሠራነው እንደ ተራ ቀን ነው የታሰበልን። ከደመወዝ መቁረጥን በተመለከተ ደግሞ አሠሪ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር መቁረጥ አይችልም፤ በእነዚህም ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ ሢሶ አይበልጥም። ከመካከላችን ለቆረጣው የፈረመ አንድም ሰው የለም፤ የሥራ ደንብ የሚባል ወረቀትም አሳዩን ብንል የሚያሳየን አላገኘንም።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን አሥር ሠራተኛ ባለበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር መመሥረት የሚቻል መሆኑ ነው። እኔ ማኅበር የፋብሪካ ነገር ይመስለኝ ነበር። አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ሲሠራ፣ በ1953 ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተተከለው ያ ፋብሪካ ውስጥ፣ ቅሬታ ሲኖረው ለማኅበሩ ሰዎች ነግሮ ወደ ማሽኑ ይመለስ እንደ ነበር ሲያወራ ሰምቻለሁ። ለብቻው ቢሮ ገብቶ ፊት ለፊት የሚጋፈጥበት ምክንያት አልነበረም። እኛ ሠላሳ አንሞላም፤ ለአሥር ግን እንተርፋለን። በማኅበር አባልነት ወይም በሕጋዊ ተግባሩ በመሳተፍ፣ አሠሪ ላይ ቅሬታ በማቅረብም ቢሆን ሰውን ከሥራ ማባረር እንደማይቻል ያው አዋጅ በግልጽ ይናገራል። በወረቀት ያለው ሁሉ በተግባር ይጠበቃል የምል የዋህ አይደለሁም። ቢሆንም ለብቻዬ ስጠራና አሥር ሆነን ስንጠራ ፋይሉ እኩል አያስፈራም።

ዘጠኝ ሰው ፈርሟል። ነፍሰ ጡሯ ፈርማለች፣ የዳንግላዋ ልጅም ፈርማለች። አሥረኛዋ እኔ ነኝ፤ እስካሁን ያልፈረምሁት በአጎትሽ ምክንያት ብቻ ነው። እሑድ እፈርማለሁ፣ ልቤ ቆርጧል። ከዚያ ስብሰባ ጠርተን፣ መተዳደሪያ ደንብ አጽድቀን፣ መሪዎች መርጠን ለምዝገባ እናመለክታለን። ሥራ አስኪያጁ ፋይሉን ማስወጣቱ አይቀርም፤ ጋሼ ያን ጊዜ ድንገተኛ እንዲሆንባቸው አልፈልግም። ለእኔ ሲሉ ከመሥሪያ ቤታቸው የደመወዝ ማረጋገጫ ለማጻፍ ሰልፍ የቆሙ ሰው ናቸው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። በመጀመሪያ እንደ ልጃቸው ሆነሽ ደውለሽ አስረጂያቸው። አንድም ዕቃ እንዳላጎደልሁ፣ አንድም ብር በእጄ እንዳልቀረ ንገሪያቸው። ስማቸውን ማውጣት ከፈለጉ በደስታ ሌላ ተያዥ እፈልጋለሁ፣ ቅር አይለኝም፤ ውለታቸውም በእኔ ዘንድ አይቀንስም።

ሁለተኛው ስለ ወረቀቱ ነው። ያን ቀን አንቺና እኔ ነበርን ይዘነው የሄድነው። እንደማስታውሰው የገንዘቡ መጠን የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነበር፤ «እሱን እኛ እንሞላዋለን» ነው ያሉን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋሱ ተጠያቂ የሚሆንበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተገለጸበት የዋስትና ውል ዋጋ የለውም ይላል። ጋሼ ቅጂ አስቀርተው እንደ ሆነ ጠይቂልኝ፤ ካላቸው በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። ባዶ ሆኖ ከተገኘ ለሕግ ባለሙያ አሳየዋለሁ፤ የሌሎቹ ልጆች ወረቀትም እንደዚያው ከሆነ ብዙ ሰው ቀና ብሎ ይናገራል።

ቀን ስልክ መያዝ ተከልክለናል፤ ማታ ከሁለት ተኩል በኋላ ደውዪልኝ፣ እስከ አራት ሰዓት አልተኛም። የአንቺንም ወሬ ሁሉ እፈልጋለሁ፤ ሥራሽን፣ ቤትሽን፣ የለመድሽውን ሰፈር። እናትሽን በእኔ ስም ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ያቺው እህትሽ