ለገሃር ጠፋኝ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ፒያሳ አንድ ቤት ሁለት ዓመት ፈረንሳይኛ ተማርኩ። የግስ እርባታውን እንደ ዳዊት እደግመው ነበር። አንድ ቀን አንድ እንግዳ በፈረንሳይኛ «ለገሃር በየት በኩል ነው?» ሲለኝ አፌ ተሳሰረ። ለገሃር እኮ ራሱ «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ባቡር ጣቢያው ማለት!

አሁን ዘዴ ቀይሬያለሁ። ታክሲ ስገባ አስር ቃል በወረቀት እይዛለሁ። በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ እመለስባቸዋለሁ። ያጠኑት ነገር መጀመሪያ ላይ ቶሎ እንደሚረሳ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ጽፏል። ዋናው ግን ወረቀቱን ገልብጦ ቃሉን ከአፍ ማውጣት ነው። ረዳቱ አንዴ «ወራጅ አልሽ እንዴ?» ብሎኛል።

የቀረኝ የሚያናግረኝ ሰው ነው። ከአንባቢዎቻችሁ ፈቃደኛ ከተገኘ ማኪያቶው በእኔ።

አንዲት አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ