ሞተሩን ከማውረዴ በፊት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔና ቤተሰቤ አዳማ በሰላም አለን። ይህን ያህል ዘመን ዝም ማለቴ ከፍቅር ማነስ እንዳልሆነ ታውቃለህና ይቅርታህን ለምኜ፣ ወቀሳህን ሐዋሳ መጥቼ ፊት ለፊት እስክሰማ ድረስ፣ ወዳስጨነቀኝ ጉዳይ ልግባ። ነገሩ ስለ ፊያት 124 መኪናዬ ነው።

ወደ ኤሌክትሪክ ልለውጣት ወስኛለሁ። ይህን ለአንተ መጻፍ የከበደኝ፣ የሚወርደው ሞተር አንተና እኔ ሌሊቱን ሙሉ በባትሪ ብርሃን ፈትተን የገጠምነው ስለሆነ ነው። አሁን ግን ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ተሰንጥቋል። ላዳ ከፊያት 124 የተወለደች በመሆኗ ለታች ዕቃዎቿ መላ አይጠፋም፤ አንተ ላዳን ስትንቃት ብትኖርም ስንት ጊዜ እንዳዳነችን አትረሳውም። የፊያት መሐንዲሱ ላምፕሬዲ የነደፈው ባለ ሁለት ካምሻፍቱ ሞተር ግን ከላዳው ሞተር ጋር ዝምድና የለውም፤ ቴስታታውንም ከየትም ላገኝ አልቻልኩም።

ከተገጨች ኒሳን ሊፍ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሩን፣ ባትሪውንና የባትሪውን ጅረት ለሞተሩ የሚቀይረውን ኢንቨርተር ገዝቻለሁ። የእኛ 1608 ሲሲ ሞተር 110 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ የሊፉ 80 ኪሎዋት ሲሆን ሲመነዘር 109 ገደማ ይመጣል። ቁጥሮቹ እንዲህ መቀራረባቸው ደስ አሰኝቶኛል፤ መኪናዋ ባሕርይዋን አትለቅም ማለት ነው። የሚያሳስበኝ የመጠምዘዝ ኃይሉ ነው። የሊፉ ሞተር ገና ከቆመበት ሲነሣ 280 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ ይህም የድሮው ሞተር ቢበዛ ከሚሰጠው እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ በኢንቨርተሩ መቆጣጠሪያ ካልተገደበ ካምቢዮውንና ዲፍረንሻሉን ይበላቸዋል። ስለዚህ በዝቅተኛ ፍጥነት ልገድበው አስቤአለሁ። ትስማማለህ?

ባትሪው አዲስ ሳለ 24 ኪሎዋት ሰዓት ይይዝ ነበር። አርባ ስምንቱን ሞጁሎች ከፍዬ ግማሹን ከፊት ኮፈን ሥር፣ ግማሹን ከኋላ ሰርባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) በነበረበት ቦታ አስቀምጣለሁ፤ ሁሉንም ኋላ ብጭናቸው በመታጠፊያ ላይ ያ የምንወደው ሚዛኗ ይጠፋል። ሞተሩ ሲወርድ ፍሬን መርገጥን የሚያቀለው ሰርቮ የሚሠራበት ቫኪዩም አብሮ ስለሚጠፋ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ እገጥማለሁ። ቻርጁ ከቤት 220 ቮልት ሌሊቱን ይሞላል።

አሁን የምለምንህን ልንገርህ። የሊፉን ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘውን የአሉሚኒየም ሰሌዳና የዘንጉን ማጣመሪያ በቶርኖ የሚያወጣልኝ ሰው እፈልጋለሁ። እዚህ አዳማ ቶርኖ ቤት ሞልቷል፤ ባለሙያዎቹም ደጎች ናቸው፤ ነገር ግን የሁለቱ ዘንጎች መሐል በሚሊሜትር አሥረኛ እንኳ ከተዛነፈ ኩሽኔታው ይጮኻል፣ የዘንጉ ጥርስም ይላጫል። ዓይኔን ጨፍኜ ልክ ነው የምለው የአንተን እጅ ሥራ ብቻ ነው። የካምቢዮውን ፊት ቅርጽ በካርቶን አንሥቼ ልልክልህ እችል ነበር፤ ካርቶን ግን ለእንዲህ ያለ ልክ አይታመንም። ካምቢዮውንም ሞተሩንም ይዤ ሐዋሳ ብመጣስ?

ሌላም አለ፤ ለመናገር ትንሽ ያመነታሁበት። ባትሪው ሙሉ ሲሆን ወደ 400 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው። ቀጥተኛ ጅረት እንደ ቤታችን መብራት በየጊዜው ዜሮን እያለፈ ስለማይሄድ የተነሣ ብልጭታ በራሱ አይጠፋም፤ ፈራሁት። መቁረጫውን ነቅዬ፣ በኢንቨርተሩ ካፓሲተር የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪራገፍ ጠብቄ፣ በመለኪያ አረጋግጬ፣ ጓንት አድርጌ እንደምሠራ እርግጠኛ ሁን። ሆኖም የመጨረሻዎቹ ገመዶች ሲገናኙ አጠገቤ ባለሙያ ዓይን እንዲኖር እፈልጋለሁ፤ የአንተ ዓይን ቢሆን እመርጣለሁ።

ሞተሩን አልሸጥም። ቅባት ቀብቼ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጠዋለሁ፤ ቴስታታ ከተገኘ የአንተ ነው። የሊብሬውን የሞተር ቁጥር ጉዳይ ለመንገድ ትራንስፖርት አስቀድሜ ሳልጠይቅ ምንም አልፈታም፤ ያንተንም መልስ ሳላገኝ እንደዚሁ። «አይሆንም» ካልከኝም ቅር አልሰኝም፤ ብቻ ምክንያቱን ጻፍልኝ፤ ሰሌዳው ስንት ሚሊሜትር ይወፍር እንደምትልም አብረህ ጻፍልኝ፤ አሉሚኒየሙን ከመግዛቴ በፊት ማወቅ አለብኝ።

ባለቤትህንና ልጆችህን ሰላም በልልኝ።

ወንድምህ፣ ከአዳማ