የቤታችንን ዋጋ ያወረድነው እኛው ነን ልጄ

ሰላም ነሽልኝ ልጄ? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፣ ሙቀቱ ግን ዘንድሮ ሰው አያስተኛም፣ ፍራሼን ግቢ አውጥቼ ነው የማድረው። ትናንት በስልክ ስትጮሂብኝ ዝም ያልኩሽ ጎረቤት አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስለነበር ነው እንጂ መልስ አጥቼ አይደለም። «9 ሚሊዮን ሲባል የነበረ ቤት አሁን 6.8 ሲሉሽ እንዴት ትሰሚያለሽ፣ ደላላው በልቶሽ ነው» ያልሽው ሲከነክነኝ አደረ። ደላላው አልበላኝም። እሱ ሁለት ፐርሰንቱን ነው የሚጠብቀው፣ ቤቱ በውድ ቢሸጥ እሱም ነው የሚጠቀመው። ቤቱን የበላነው እኔና አባትሽ ነን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሰላሳ አመት ሙሉ ትንሽ በትንሽ።

መጀመሪያ 9 ያልኩትም እኔ ነኝ፣ ማንም አልገመተልኝም። እድር ላይ አንዷ ሳቢያን ሰፈር ያለ ቤቷን 9 ሸጥኩ ስትል ሰማሁ፣ በቃ እኔም 9 አልኩ። የሷ ግቢ መኪና ሁለት ያቆማል፣ መንገዱ ኮብልስቶን ነው፣ ካርታዋ በስሟ ነው። የኛ ደግሞ ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ባጃጅ እንኳን ሲገባ የሚጨነቅበት ቅያስ ውስጥ። ይሄን እኔ እያወቅኩት ነው እንግዲህ። የመጀመሪያው ወር ገዢ ሲግተለተል ነበር፣ ሁሉም ዋጋውን ሲሰማ እሺ እንደዋወላለን ብሎ ሄደ፣ ማንም አልደወለም። ከዛ 8.5 አልኩ፣ ከዛ 8፣ አሁን ለገሃሬ ሻይ ቤት የሚቀመጡት ደላሎች በሙሉ «ያ የደቻቱ ቤት እስካሁን አለ?» ነው የሚባባሉት አሉ። ዋጋው በየሳምንቱ የሚወርድ ቤት ሰው ርካሽ ሆነ አይልም፣ ምን ጉድ ቢኖረው ነው ይላል። ጉዱ ደግሞ አለ።

ትልቁ ጉድ ወረቀቱ ነው። አባትሽ ካረፈ 4 አመቱ፣ ካርታው እስከዛሬ በሱ ስም ነው። እኔ ሚስቱ ነኝ፣ ማን ይከለክለኛል ብዬ ተቀመጥኩ። ታች ያለው ጠበቃ ጎረቤታችን ቁጭ አድርጎ ሲያስረዳኝ ግን ለካ አብረን ያፈራነው ስለሆነ ግማሹ ብቻ ነው የኔ፣ የሱ ግማሽ ለናንተ ለሶስታችሁ እኩል ነው የሚወርደው፣ እሱንም ፍርድ ቤት ወራሽ ናችሁ ብሎ ማስረጃ ካልሰጣችሁ እኔ ብቻዬን ልሸጠው አልችልም። ታዲያ ገዢው ይሄን ሲሰማ ምን አለ መሰለሽ፣ «እማማ እኔ ልሩጥልዎት፣ ግን 800 ሺ ይቀንሱልኝ»። አየሽ፣ እኛ በታክሲና በፎቶ ኮፒ የምንጨርሰውን ሩጫ 800 ሺ ሸጠልን! አንዱ ደግሞ ካሽ በፌስታል ይዞ መጥቶ በመንደር ውል እንፈራረም አለኝ፣ ሁለት ምስክር ይበቃል ብሎ። ጠበቃው የፍትሐ ብሔር ህጉን 1723 አንቀጽ ከፍቶ አነበበልኝ፣ የቤት ሽያጭ በፅሁፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይ ውል አዋዋይ ፊት ካልተደረገ ዋጋ የለውም ይላል። ሰውየውን ሆጃ አጠጥቼ ሸኘሁት።

በመንደር ውል የሚመጣውን ደግሞ እኔ ነኝ የማውቀው። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ሰርቪስ ቤቶች ትዝ ይሉሻል አይደል፣ አባትሽ ከጎረቤት 26 ካሬ በ1989 በመንደር ውል ገዝቶ፣ ያለ ፕላን ያለ ፈቃድ፣ ቅዳሜና እሁድ ብሎኬት እየደረደረ የሰራቸው። ካርታችን ላይ 200 ካሬ ነው የሚለው። መሬት እኮ የመንግስትና የህዝብ ነው ልጄ፣ እኛ የምንሸጠው ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው፣ ካርታው ላይ የሌለውን ምን ብለን ነው የምንሸጠው። ባለፈው በባንክ ብድር ሊገዛ የነበረው አስተማሪ፣ ባንኩ ኢንጂነር ልኮ ሲያስለካ ሰውየው ሜትሩን ይዞ ወደ ኋላ ዞር ብሎም አላያቸው፣ ዋናውን ቤት ብቻ ገምቶ ወጣ። ብድሩ ስላልበቃው አስተማሪው ይቅርታ ጠይቆኝ ቀረ። እኔ ደግሞ ሁለቱን ክፍል እንደ ተጨማሪ ቤት ቆጥሬ ነበር እኮ ዋጋውን ስቆልል! ጭራሽ ገዢዎቹ «ይፈርስ ቢባልስ?» እያሉ ከዋናው ላይ ይቀንሱባቸዋል። እዛ ያሉት ተከራዮችም አሉ፣ መቼ ነው የሚወጡት ይላል ሁሉም፣ መብራቱም በአንድ ቆጣሪ ነው፣ የማን ስንት እንደሆነ እኔም አላውቀው።

ደቻቱን ምንም ማድረግ አይቻልም። ማንም ድሬ ያደገ ሰው እግሩን ከማስገባቱ በፊት «98 ላይ ጎርፉ ገብቶ ነበር?» ነው የሚለኝ። አመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ፍየል ይተኛበታል፣ የዛን ሌሊት ግን፣ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ወርዶ ከ200 በላይ ሰው በላ፣ አንቺ ሁሉንም ታስታውሺዋለሽ አላወራልሽም። ደላላው «አልገባም በይ፣ ከዛ በኋላ እኮ የመከላከያ ግንብ ተሰርቷል» ሲለኝ እኔ ግን አልቻልኩም። ግቢ ገብቶ በረንዳው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ቆመ፣ ቤት አልገባም፣ እውነቱን ነገርኳቸው። ደላላው ተናደደብኝ፣ አቦ ሴትዮ ገበያ ዘጋሽብኝ አለ። ይገርምሽ ግን እስከ ዛሬ እየተመላለሰ ያለው ባለ 6.8ቱ ሰውዬ ያኔ እውነቱን የነገርኩት ነው።

የደበቅነው ደግሞ ምን እንዳደረገን ልንገርሽ። ሳሎኑ ጥግ ያለውን ስንጥቅ ትንሹ ወንድምሽ ቁምሳጥን ገፍቶ ሸፈነው፣ ኳርዝ ቀለም ምናምን ቀብቶ። አንዷ ገዢ ከባሏ ጋር መጣች፣ የግንበኛ ልጅ ነች መሰለኝ፣ ቁምሳጥኑ መስኮት ለምን ይጋርዳል ብላ ገፋ አደረገችው። ስንጥቁ እጅ አያስገባም እኮ፣ መሰረቱንም አልነካም፣ ግንበኛ አይቶታል፣ የልስን ስንጥቅ ነው ብሏል። እሷ ግን ከዛች ደቂቃ ጀምሮ ቤቱን ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ጀመረች፣ ጣራ አንኳኳች፣ የበር መቃኑን በጥፍሯ ጫር ስታደርገው ምስጥ የበላው እንጨት እፍ ብሎ ወረደ። ሌላ ምን ደብቃችኋል ነው እንግዲህ። ስንጥቁን ከፍተን ብናሳያት 20 ሺ ትቀንስ ነበር፣ ስለደበቅነው ሚሊዮን ቀነሰች፣ ከዛም አልተመለሰችም።

በረንዳውን ሳስብ ነው ራሴን የምወቅሰው። ያ ሰፊ በረንዳ! 2003 ላይ በብሎኬት ዘግተን ሱቅ አደረግነው፣ ለሞባይል ጠጋኝ አከራየነው፣ ኪራዩ አንቺን ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል አልክድም። ግን የሳሎኑ ሁለት መስኮት ተዘጋ፣ አየር የሚባል ቀረ፣ በቀን መብራት እያበራን ነው የምንኖረው። ድሬ ላይ ቤት ማለት ንፋስ ነው እኮ ልጄ። ከዚራ ሰፈር ያሉትን ባቡሩ ከደረሰ ከ1895 ወዲህ የተሰሩትን አሮጌ ቤቶች እያቸው፣ ጣራቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸው ዙሪያውን፣ ፊት ለፊት ዛፍ፣ እስከዛሬ ሰው የሚመኛቸው ለምን ይመስልሻል። እኛ ደግሞ ግቢው ላይ ክፍል በክፍል ላይ ስንደርብ ብዙ ቤት ያለን መስሎን ዋናውን አፈንነው። አንዱ የድሬ ልጅ በሰባት ሰዓት መጥቶ ሳሎን ገብቶ ቆመ፣ ላቡን ጠረገ፣ «አቦ ይሄ ሳሎን ሳይሆን መጥበሻ ነው» ብሎ ወጣ። ደላላው ከዛ ወዲህ ሰው በጠዋቱ ብቻ ነው የማመጣው አለ፣ ሰው ሞኝ መስሎታል፣ ጠዋት ያየ ሁሉ ቀትር ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ውሃው ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚከፍተው ቧንቧ ነው። የድሬን ውሃ ታውቂዋለሽ፣ ጀበናውን ነጭ ድንጋይ የሚያደርገው፣ ቧንቧውንም ውስጥ ውስጡን ደፍኖታል፣ ሻወሩ ሶስት ቀዳዳ ብቻ ነው የሚንጠባጠበው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ውሃ የለም ብሎ ይደመድማል፣ ሮቶው ግን ሙሉ ነው። የሻወሩን ራስ አቼቶ ውስጥ ስዘፈዝፈው አድሬ ጠዋት ግማሹ ተከፈተ፣ ያረጀውን የብረት ቱቦ ግን ቧንቧ ሰራተኛው በፒፒአር ፕላስቲክ ቱቦ ይቀየር ብሏል፣ ከነእጅ ዋጋው 38 ሺ። ይሄንን አደርገዋለሁ። ሮቶውንም ፀሀይ ላይ ከሚቀቀል ጥላ ይሰራለት ብያለሁ፣ ቀን ላይ የሚወርደው ሻይ የሚያፈላ ነው።

የወንድምሽን ክፍል ሳልነግርሽ፣ አራቱም ግድግዳ ደም የመሰለ ቀይ፣ አናቱ ላይ የአርሴናል መድፍ። ገዢ በገባ ቁጥር ይስቃል፣ አንዱ የማንቼ ደጋፊ ነኝ ብሎ 50 ሺ ቀንሺልኝ አለኝ በቀልድ፣ ግን አይኑ ሲያስላ አየሁት፣ ይሄን ቀይ ለመሸፈን ስንት ባልዲ ነጭ ይበላል እያለ። ቀለም ቀብቻለሁ አሁን፣ ክሬም። ፍየሎቹንም ለአክስትሽ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ሰው ከበር ሲገባ መጀመሪያ አፍንጫውን ነው የሚይዘው ብለሽኝ ነበር፣ እውነትሽን ነበር። ሴፕቲክ ታንኩም ተመጠጠ፣ ሽታው ግማሹ ከሱ ኖሯል፣ ፍየሎቹን በከንቱ ነው ያማኋቸው።

ወንድምሽ ጅብሰም እናሰራ፣ ሴራሚክ እናልብስ፣ ሊሾው ያረጀ ይመስላል ይላል። አይሆንም። እላይ ያለው ጎረቤት ከመሸጡ በፊት 600 ሺ ጅብሰምና ሴራሚክ ላይ አፈሰሰ፣ የገዛው ሰው በሶስተኛው ሳምንት ሴራሚኩን ነቅሎ በራሱ ምርጫ ቀየረው። የሰው ምርጫ ይለያያል፣ ገዢው የኔን ምርጫ በውድ አይገዛኝም። የበሰበሰ በር መቃን፣ የሚያፈስ ቧንቧ፣ የተሰነጠቀ ልስን፣ የዛገ የላሜራ በር፣ እነዚህን ጠግነን እናቁም። የበረንዳውን ብሎኬትም አስፈርሳለሁ፣ ሱቁ በሚቀጥለው ወር ይለቃል፣ ግንበኛው ሁለት ቀን ነው ብሏል። የኒም ዛፏን ግን ማንም እንዳይነካት፣ ግንበኛው ስሯ አጥሩን ይገፋል፣ ትቆረጥ ብሎ ነበር፣ አጥሩን ጠግን አልኩት። በዚህ ሙቀት ያቺን ጥላ አይቶ ያልተቀመጠ ገዢ የለም፣ ዋጋ የሚነጋገሩትም እሷ ስር ነው።

እና አሁን በ6.8 አልሸጥም። ሰርቪሶቹን በነፃ እንደሚሰጥ ነገር አድርጌ፣ ስለ 26 ካሬው ለገዢው ቀድሜ ነግሬ፣ በዋናው ቤትና በ200 ካሬው ብቻ 7.6 እላለሁ፣ 7.4 ከመጣ እሺ። 9ኙን እርሺው፣ የሳቢያን ሴትዮ ናት ያሳሳተችኝ።

አንቺ የምታደርጊው ይሄ ነው። ትልቁ ወንድምሽ ጅቡቲ ካለው ኤምባሲያችን ሄዶ ውክልና ይላክ፣ ለኔ ሳይሆን ላንቺ ያድርገው፣ እኔ ፊርማ ላይ እጄ ይንቀጠቀጣል። ውክልናው ሲደርስሽ ውጭ ጉዳይ አረጋግጪው። የልደት ወረቀትሽን ዋናውን ይዘሽ ነይ፣ ኮፒ አይቀበሉም፣ የአባትሽ የሞት ምስክር ወረቀት እኔ ጋ አለ። ለወራሽነቱ ሶስታችሁም አንድ ላይ ብትመጡ ጥሩ ነበር ግን ትንሹ እዚሁ አለ፣ አንቺ ከመጣሽ በውክልናው ይጨረሳል ብሏል ጠበቃው። ስትመጪ ከመርካቶ የሻወር ራስ ሁለት አምጪልኝ፣ ትልልቅ ቀዳዳ ያለው፣ የዚህኛው ቀዳዳ ለድሬ ውሃ አይሆንም። ለልጆቹም ስስ ልብስ ያዢ፣ ሹራብ እንዳታሸክሚያቸው እንዳለፈው።

እናትሽ
ከድሬ